«ነርቩን ይግደሉልኝ»

ሌሊቱን ጉንጩን ደግፎ ሲንቆራጠጥ ያደረ ሰው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የሚለምነው አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ነርቩን ይግደሉልኝ።» የጥርስ ሕመም የቀመሰ ሁሉ ይህን ልመና ያውቀዋል፤ እኔም አልፈርድበትም። ነገር ግን ያ ሰው ሞቱን የሚመኝለት ነገር ጥርሱን ከውስጥ የገነባለት፣ እስከ ዛሬም ድምፁን አጥፍቶ ሲጠግንለት የኖረ የራሱ አካል ነው።

ጥርስ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። የውጭ ሽፋኑ ኢናሜል ከሰውነታችን ሁሉ የጠነከረው ነው፤ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ከእሱ ሥር ዴንቲን የሚባለው ቢጫ ቀመስ ክፍል አለ። የዴንቲኑ መሐል ግን ባዶ አይደለም፤ ሕመምተኛው «ነርቭ»፣ ሐኪሞች ግን ፐልፕ የሚሉት ቀይና ለስላሳ ሥጋ ሞልቶበታል። የደም ሥሮችና ነርቮች በጥርሱ ሥር ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ይገቡለታል። በዳርቻው ደግሞ ኦዶንቶብላስት የተባሉ ሕዋሳት እንደ ግንበኛ ተሰልፈዋል። ኢናሜልን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድዱን ፈልቅቆ ሲወጣ ስለሚጠፉ፣ የተሸረፈ ኢናሜል ተመልሶ አይበቅልም። ኦዶንቶብላስቶቹ ግን ፐልፑ በሕይወት እስካለ ድረስ ሥራ አይፈቱም። ጥርሱ ከላይ መበላት ሲጀምር እነሱ ከውስጥ አዲስ ዴንቲን እየደረቡ ግድግዳውን ያወፍራሉ። ራሳቸው ቢሞቱ እንኳ ከፐልፑ መሐል ተተኪ ይነሣል።

ግንበኞቹ የሚሸነፉት ጥርሱን የሚበላው ነገር ሲቀድማቸው ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ተመግበው አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ ቦርቡሮ ቦርቡሮ ወደ ፐልፑ ሲጠጋ ሥጋው ይቆጣል። የቆሰለ ጣት ያብጣል፣ ቆዳውም ይለጠጥለታል። ፐልፕ ግን የታሰረው በማይለጠጥ ግድግዳ ውስጥ ነው። ያበጠው ሥጋ መሄጃ ሲያጣ የራሱን ነርቭ ይጨፈልቃል። ሕመሙ ሌሊት የሚብሰውም ጋደም ሲሉ ወደ ራስ የሚሄደው የደም ግፊት ስለሚጨምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ መለያ ማወቅ ይጠቅማል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ጠቅ አድርጎ በሰከንዶች ውስጥ የሚተው ሕመም፣ ፐልፑ ገና ሊድን እንደሚችል ይናገራል፤ የተበላውን አጽድቶ መሙላት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ማንም ሳይነካው የሚነሣ፣ ከተነሣም የማይለቅ ከሆነ ግን ነገሩ ከብዷል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፦ ለቀናት ሲያሠቃይ የነበረው ጥርስ በድንገት ዝም ይላል፤ ሰውየውም «ተመስገን፣ ተሻለኝ» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል። ብዙ ጊዜ ግን ዝም ያለው ፐልፑ ስለ ሞተ ነው። ባክቴሪያው በሥሩ ጫፍ አልፎ መንጋጋ አጥንት ውስጥ መግል ይቋጥራል። ከፋርማሲ የሚገዛ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድነውም፤ ደም የማይደርስበት ቦታ መድኃኒቱም አይደርስም። እናቶቻችን የሚያስነክሱን ቅርንፉድ እውነተኛ ማስታገሻ አለው፤ በውስጡ ያለውን ዩጂኖል ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። ሆኖም ያስታግሳል እንጂ የተበላውን አያጸዳም።

ፐልፑ ከሞተ ሐኪሙ ሩት ካናል ይሠራል። የሞተውን ሥጋ በቀጫጭን ሞረዶች አውጥቶ፣ በበረኪና ውስጥ ባለው በዚያው ንጥረ ነገር አጥቦ፣ ጉታ ፐርቻ በተባለ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ሙጫ በሚገኝ ነገር ይሞላዋል። ለአዋቂ ሰው ይህ አስተማማኝ ሕክምና ነው። ወድቆ የፊት ጥርሱን የመታ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዚያ ጥርስ ሥር ገና ተሠርቶ አላለቀም። ፐልፑ ሲሞት ግንበኛው ሥራውን በጅምር ጥሎ ይሄዳል፤ የሚቀረው ግድግዳው የሳሳ፣ ጫፉ የተከፈተ፣ በቀላሉ የሚሰበር ጥርስ ነው።

ታዲያ ይህን ግንበኛ መተካት ይቻል ይሆን? በ2000 እ.ኤ.አ. ስታን ግሮንቶስ፣ ሶንግታኦ ሺ እና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ከተነቀሉ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሶች ፐልፕ ወስደው ግንደ ሕዋሳት እንዳሉበት አሳዩ፤ ራሳቸውን የሚያባዙ፣ ዴንቲን ወደሚሠሩ ሕዋሳትም የሚለወጡ። ቀጣዩን ግኝት ያመጣችው ግን የስድስት ዓመት ልጅ ናት። የሕፃናት ጥርስ ሐኪም የሆነው ሺ የገዛ ልጁ የወተት ጥርስ ሲወልቅ ውስጡ ቀይ ሥጋ ቀርቶ አየ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከአንድ የወለቀ የፊት የወተት ጥርስ ከ12 እስከ 20 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት እንደሚገኙ አረጋገጠ። እኛ ልጆች ሳለን ጣሪያ ላይ የወረወርነው ጥርስ ይህን ይዞ ነበር።

ስለ ወተት ጥርስ ከተነሣ ግግ ማስወጣትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ሕፃን ድዱ ተፈልቅቆ ገና ያልወጣው ጥርሱ በአገራችን ዛሬም ድረስ የሚጎረጎርበት ቦታ አለ። ያ «በሽታ ነው» ተብሎ የሚወጣው ለስላሳ ነገር የጥርሱ ጽንስ ነው። ሕፃኑ ከተቅማጡ አይድንም፤ ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ከሥር የሚጠብቀው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል።

የጥርስ ግንደ ሕዋስ ነርቭንና አጥንትን ይጠግናል የሚለው ተስፋ በአብዛኛው ከቤተ ሙከራና ከእንስሳት ሙከራ አልወጣም። ስለዚህ የልጅዎን ጥርስ ለወደፊት በክፍያ እናቀዝቅዝልዎ ለሚሉ ድርጅቶች ለመክፈል መቸኮልን አልመክርም። በሰው ላይ የተሻለ ውጤት የታየው እዚያው ጥርስ ውስጥ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች ወድቀው የፊት ጥርሳቸው ፐልፕ የሞተባቸው 40 ልጆችን ያካተተ ጥናት አወጡ። ለ30ዎቹ የታቀደው ከራሳቸው ጤናማ የወተት ጥርስ ሕዋስ ተወስዶ፣ በቤተ ሙከራ ተባዝቶ በተጎዳው ጥርስ ውስጥ እንዲቀመጥ ነበር፤ 10ሩ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። ከዓመት በኋላ ሕዋስ የተቀመጠላቸው ልጆች የጥርስ ሥር ረዝሞ፣ የተከፈተው ጫፍም ጠብቦ ተገኘ፤ ውስጡ ደም ይዘዋወርበት ጀምሯል። ሐኪሞቹ በጥርሱ ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲያስነኩም፣ ልጆቹ ንዝረቱ ሞቶ በነበረው ጥርሳቸው ተሰማቸው።