ከገብስ ብቅል እስከ ሰው ሠራሽ ኢንዛይም

የአሸተን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችበት በላስታ ደጋ ገብስ ይዘራል፤ ለጠላ የሚሆን ብቅልም ከእሱ ይወጣል። ገብሱ በውሃ ይነከራል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ያጎነቁላል፣ ከዚያ ይደርቃል። ዘሩ ሲያጎነቁል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል። የገብስ ስታርች እጅግ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ እርሾ እንዳለ ሊበላው አይችልም። አሚሌዝ ሰንሰለቱን ቆራርጦ ያቀርብለታል፣ እርሾውም ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። በላቦራቶሪ ያለ ኢንዛይም ስታርች ለመቆራረጥ ከአሲድ ጋር ማፍላት ያስፈልጋል፤ በጠላው ጋን ውስጥ ግን መቆራረጡ ያለ እሳት ይከናወናል።

ጉልበቱ ያለው በኢንዛይሙ ገላ ላይ ባለች ስርጉድ ቦታ ነው። ሰንሰለቱ እዚያ ይገባል፣ ይጣመማል፣ በግራና በቀኝ በተሰለፉ አሲዳማ ቡድኖች መካከል ይበጠሳል። ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ይህን ግጥጥም በቁልፍና በቁልፍ ቀዳዳ መሰለው። በ1940ዎቹ ሊነስ ፖሊንግ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረበት፦ ስርጉዷ ከሁሉ በላይ የምትገጥመው ሞለኪውሉ ሊለወጥ ሲል ለቅጽበት ከሚይዘው ቅርጽ ጋር ነው። ለዛሬ ካታሊስት (አጸግብሮትን የሚያፋጥን ነገር) ነዳፊዎች ከዚህ የሚበልጥ መመሪያ የለም።

እንዲህ ያለ ስርጉድ በሰው እጅ ይሠራ ይሆን?

ሱፕራሞለኪውላር ኬሚስትሪ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ አጠገብ ነው። ሞለኪውሎች በደካማ ትስስር እንዴት እንደሚተዋወቁና እንደሚያያዙ ያጠናል፤ ፔደርሰን፣ ክራምና ሌን በ1987 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉትም በዚህ ነው። ከቀደምቶቹ ዕቃዎች አንዱ ያው ስታርች ያስገኘው ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ስታርችን ስድስት፣ ሰባት ወይም ስምንት ግሉኮስ ወዳለው ቀለበት፣ ወደ ሳይክሎዴክስትሪን፣ ይቀይሩታል። ቀለበቱ ውጪው ውሃ ይወዳል፣ ውስጡ ግን ዘይት ነክ ሞለኪውሎችን ይቀበላል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሮናልድ ብሬስሎ ከቀለበቱ ጠርዝ ላይ ኢሚዳዞል የሚባል የአቶሞች ቡድን እያያዘ የኢንዛይምን አሠራር የሚከተሉ ካታሊስቶች ሠራ።

ቀደም ሲል የተጠቀሰችው አሸተን ማርያም ዐለት ተፈልፍሎ የወጣች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ጠራቢዎቿ ባዶ ቦታ ያገኙት ድንጋይ እየቀነሱ ነው። ኬሚስቶቹ ግን ባዶ ቦታቸውን በመገጣጠም ያገኙታል። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የኬኔት ሬይመንድና የሮበርት በርግማን ቡድኖች አራት የጋሊየም አቶሞችንና ስድስት ማያያዣ ሞለኪውሎችን በውሃ ውስጥ ሲያገናኙ ክፍሎቹ ራሳቸውን አቀናጅተው ባለ አራት ፊት ቀፎ ይሆናሉ። ቀፎው 12 አሉታዊ ሙላት ስላለው በውስጡ የሚፈጠረውን አዎንታዊ ሙላት ያለው ቅርጽ ይደግፋል። በዚህም በ2007 አሲድ የሚፈልግ አጸግብሮት በቤዛዊ (የአሲዳማ ተቃራኒ በሆነ) ውሃ ውስጥ እንዲካሄድ አደረጉ። በ2010 ደግሞ ናዛሮቭ የሚባለውን አጸግብሮት እስከ 2 ሚሊዮን እጥፍ አፋጠኑት፤ ይህ ከኢንዛይሞች ፍጥነት ጎን የሚቆም ነው።

ከባዱ ሥራ ግን መያዝ አይደለም፣ መልቀቅ ነው። በናዛሮቭ ሙከራ የተገኘው ውጤት ራሱ ቀፎው ውስጥ እየተቀመጠ ለቀጣዩ ሞለኪውል በር ዘጋ። ተመራማሪዎቹ ማሌይሚድ የተባለ ሞለኪውል ጨመሩ፤ እሱም ውጤቱን እየያዘ ቀፎው ወደማይቀበለው ቅርጽ ቀየረው፣ ቀፎውም እንደገና መሥራት ቻለ። አሁን ከሚሞከሩት አቅጣጫዎች አንዱ በብርሃን ወይም በአሲድነት ለውጥ እየተከፈተ የሚዘጋ ቀፎ ነው።