የባክቴሪያ መድኃኒት ገንዲን ለምን አያድንም?

በሬ ሲከሳ፣ ጠጉሩ ሲቆም፣ ዓይኑ ሲያነባ ምን እንላለን? «ገንዲ ይዞታል» እንላለን። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ወደ ዓባይ ቆላ ለግጦሽ የሚወርድ ከብት ይህ በሽታ ያሠጋዋል። በሬ ከሞተ ደግሞ እርሻው ይቆማል።

ገንዲን የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ የሚባል ጥገኛ ነፍስ ነው። በከብቱ ደም ውስጥ ይኖራል። በዓይን አይታይም። ሃምሳ ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። መላ አካሉ አንድ ህዋስ ብቻ ነው። ህዋሱ አስኳል አለው። የሚዋኝበት ጅራፍ መሳይ ነገርም አለው። በጅራፉ ውስጥ ማጠንከሪያ ዘንግ አለ። ባክቴሪያ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ አስኳልም የለው።

ትሪፓኖሶማ በትንኝና በዝንብ አንጀት የሚኖሩ ዘመዶች አሉት። አንዳንዶቹ በህዋሳቸው ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ያኖራሉ። ደባል እንበለው። ደባሉ ለባለቤቱ ምግብ ይሠራለታል፤ ባለቤቱም ያስጠልለዋል። ህዋሱ ለሁለት ሲከፈል ደባሉም አብሮ ይከፈላል። እንዲህ ባሉት ህዋሶች የጅራፉ ዘንግ ጠፍቷል፤ ወይም በጣም አንሷል። ተመራማሪዎች ደባሉን በባክቴሪያ መድኃኒት ገደሉት። ባለቤቱ ግን አልሞተም፤ ምግብ ሲጨመርለት ኖረ።

የገንዲው ትሪፓኖሶማ ደባል የለውም። እሱ ራሱም ባክቴሪያ አይደለም። ታዲያ የባክቴሪያ መድኃኒት ምኑን ይገድላል? ኦክሲቴትራሳይክሊን ቢወጉት ገንዲው አይለቅም። ገንዘቡም ባከነ፣ በሬውም ሄደ ማለት ነው።

ደባል ያላትስ የገንዲ ዝንብ፣ ፄፄ፣ ናት። ፄፄ የምትኖረው በደም ብቻ ነው። ደም ግን በቂ ቪታሚን ቢ የለውም። ጉድለቱን የሚሞላላት በሆዷ ያለው ባክቴሪያ ነው። እሱ ከሌለ መካን ትሆናለች።

ቆላ ያልወረደ ከብትም በገንዲ ሊያዝ ይችላል። አንዱን የገንዲ ዓይነት ሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ከታመመው ወደ ጤነኛው ያደርሱታል።

ስለዚህ በሬው ሲከሳ በግምት አትውጉት። የእንስሳት ሐኪም ደሙን በማይክሮስኮፕ ይመርምረው። ገንዲ ከሆነ መድኃኒቱ ዲሚናዚን ወይም ኢሶሜታሚዲየም ነው። መጠኑ በከብቱ ክብደት ይለካል። «ለሁለት በሬ ላብቃቃው» ብሎ ማካፈል ጉዳት ነው፤ ትሪፓኖሶማው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ኋላ ለጎረቤት በሬም አይሠራም።

ለውይይት፦
1. ትሪፓኖሶማና ባክቴሪያ በምን ይለያያሉ?
2. መድኃኒት ማካፈል ለምን ይጎዳል?