የአንድ ጊዜ ኩባያና የከተማ ሕግ

በአሜሪካ ከተሞች ቡና እየጠጡ መንገድ መሄድ የተለመደ ነው። ቡናው የሚቀዳበትም ኩባያ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣል ነው። ሲኒ እያጠበ ለዓመታት መገልገልን ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ልማድ ነው። ከነዚህ ኩባያዎች መካከል ብዙ ክርክር ያስነሣው ነጩ፣ ቀላሉና ሲጫኑት የሚሰባበረው የአረፋ ኩባያ ነው።

የአረፋ ኩባያ የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። የፖሊስታይሪን ጥቃቅን ፍሬዎች በእንፋሎት ሲሞቁ በውስጣቸው ያለው ጋዝ ይነፋቸዋል፤ በቅርጽ ማውጫም ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ኩባያ ይሆናሉ። ከኩባያው ይዘት ከ90 በመቶ የሚበልጠው አየር ነው። አየር ሙቀትን በቀላሉ ስለማያስተላልፍ ቡናው ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የጠጪውም እጅ አይቃጠልም። ዋጋውም ርካሽ ነው። ነጋዴዎች የወደዱት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጥቅሙን ያስገኘው አየር ጉዳቱንም አስከተለ። ኩባያው ቀላል በመሆኑ ነፋስ ያበንነዋል፤ ዝናብም ጠርጎ ወንዝ ያገባዋል። በውኃ ውስጥ እየተፈረፈረ ያንሳል እንጂ አይበሰብስም። አሰባስቦና አቅልጦ እንደገና ለመሥራት ቢታሰብ፣ የጭነት መኪናው የሚያመላልሰው በአብዛኛው አየር ነው፤ የምግብና የመጠጥ ቅሪትም ያቆሽሸዋል።

በኒውዮርክ ከተማ ይኸው ጥያቄ ፍርድ ቤት ደረሰ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የከተማው ምክር ቤት በ2013 ያወጣው ሕግ፣ አረፋው በሚያዋጣ መንገድ ተመልሶ ሊሠራ አለመቻሉ ከተረጋገጠ እንዲከለከል የሚያዝ ነበር። አስተዳደሩ በ2015 ክልከላውን ቢያውጅም የምግብ ቤት ባለቤቶችና የአረፋ ዕቃ አምራቾች ከሰሱ፤ ዳኛውም በዚያው ዓመት ውሳኔውን ሻሩት። አስተዳደሩ ጉዳዩን እንደገና አጥንቶ በ2017 ያንኑ ውሳኔ ሰጠ፤ በ2018 ፍርድ ቤት አጸናለት፤ ክልከላውም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የዓመት ገቢያቸው ከ500,000 ዶላር በታች የሆነ ነጋዴዎች፣ መተኪያው ዕቃ ከአቅማቸው በላይ መሆኑን ካስረዱ፣ ከክልከላው ነጻ እንዲሆኑ ማመልከት ይችላሉ። ይህ አስተዋይ አንቀጽ ነው፤ በየኩባያው የሚጨመረው ጥቂት ሳንቲም ለትልቅ ድርጅት ምንም ባይሆን የትንሽ ሻይ ቤትን ትርፍ ሊበላ ይችላልና።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ክልከላው የጀመረው ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 2016 ነው። በ2021 ደግሞ የአረፋ ኩባያና ሳሕን በሱቅ መሸጥም ተከለከለ። ሕጉ ግን ከከተማይቱ ውጭ ታሽጎ የመጣን ምግብ አይነካም፤ ጥሬ ሥጋ የሚታሸግበትንም የአረፋ ዕቃ አይመለከትም።

በአረፋው ፈንታ የመጣው የወረቀት ኩባያም ቢሆን ከነቀፋ አላመለጠም። መጠጡ እንዳያልፍ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ እንደ ተራ ወረቀት አይቆጠርም። የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ የአረፋ ዕቃን ገና በ1988 ከልክላ ነበር። በ2019 ባወጣችው ደንብ ግን ከወረቀትም ይሁን ከፕላስቲክ ለተሠራ ለማንኛውም የሚጣል ኩባያ ደንበኛው 25 ሳንቲም እንዲከፍል ወሰነች፤ የራሱን ኩባያ ይዞ የመጣ አይከፍልም።