የፍጥነት መቀጫ ሳይንስ፦ ከአውሮፓ ካሜራዎች እስከ ጳውሎስ ጎዳና

«ጳውሎስ፣ ዊንጌት፣ አስኮ!» የሚለው የሚኒባስ ረዳት ጥሪ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጳውሎስ ሰፈር ከሁሉ በፊት የሚታወቀው በሆስፒታሉ ነው። ስለዚህም በሆስፒታሉ አቅራቢያ መንገድ የሚሻገረው ሰው ከሌላው የከተማው እግረኛ ለየት ይላል። ክራንች የተደገፈ፣ ሕፃን ያዘለች፣ በዘመድ ትከሻ ታግዞ የሚራመድ፣ ለታማሚው ምሳ ይዞ የሚጣደፍ ብዙ ነው።

አንድ ታማሚ በሴኮንድ 70 ሴንቲ ሜትር ይራመዳል እንበል። 7 ሜትር ስፋት ያለውን ጎዳና ለመሻገር 10 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በእነዚህ 10 ሴኮንዶች ውስጥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 167 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰውየው ከእግረኛ መንገዱ ሲወርድ መኪናው ሩቅ ነበር፤ መሐል ሲደርስ ግን መኪናው አጠገቡ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ የመኪናን ፍጥነት በትክክል መለካትና ያጠፋውን መቅጣት እንዲህ ያለውን እግረኛ ሊታደገው ይችላልን? ከቻለስ እንዴት? ለመልሱ ይህን ሥራ ለረዥም ዘመን ሲሠሩበት ከኖሩት የአውሮፓ አገሮች እንጀምር።

በፖስታ የሚመጣ መቀጫ

ጀርመን ወይም ጣሊያን ውስጥ መኪና ተከራይቶ ዘመድ ሲጠይቅ የሰነበተ ኢትዮጵያዊ ትራፊክ ፖሊስ ሳያስቆመው፣ ፊሽካም ሳይነፋበት ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ግን ደብዳቤ ይከተለዋል። በደብዳቤው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መንገዱ፣ የተፈቀደው ፍጥነትና የተለካው ፍጥነት ተዘርዝረዋል። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ካሜራው ታርጋውን ያነሣል፤ ታርጋው ወደ ተመዘገበበት አከራይ ድርጅት ያመራል፤ አከራዩም የተከራዩን ስም ያሳውቃል። ብዙ ጊዜ አከራዩ ለዚሁ አገልግሎት የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ደግሞ አባል አገሮች የጥፋተኛ ተሽከርካሪዎችን የምዝገባ መረጃ እርስ በርስ እንዲለዋወጡ ስለሚያስችል፣ ድንበር መሻገር እንደ ቀድሞው መሸሸጊያ አይሆንም።

የመቀጫው መጠን ከአገር አገር ይለያያል። በፊንላንድ ከባድ የፍጥነት ጥፋት የሚቀጣው በአጥፊው ገቢ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የኖኪያ ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ 50 በተፈቀደበት መንገድ 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲነዳ ተገኝቶ 116,000 ዩሮ መቀጣቱ በዓለም ዙሪያ ተወርቶለት ነበር፤ መቀጫው በኋላ በይግባኝ ቢቀነስለትም። ይሁን እንጂ ለእኛ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው የመቀጫው መጠን ሳይሆን የመሣሪያው አሠራር ነው።

የክራር ቅኝትና የራዳር ጨረር

አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ የጩኸቱ ድምፅ ይቀጥናል፤ አልፎን ሲሄድ ደግሞ ይወፍራል። ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1842 በንድፈ ሐሳብ ያብራራው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቦይስ ባሎት የተባለው ሆላንዳዊ ሳይንቲስት ጥሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍሮ ሐሳቡ እውነት መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ።

የፍጥነት ራዳርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው ራዳሮች አንዱ ዓይነት በሴኮንድ ወደ 24 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። ሞገዱ ወደ ራዳሩ በሚመጣ መኪና ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ በትንሹ ይጨምራል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ጭማሪው 2,700 ኸርትዝ ገደማ ነው፤ ይህም ከአሥር ሚሊዮን አንድ ያህል ለውጥ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት መሣሪያው እንዴት ይለየዋል?

ክራር የሚቃኝ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የሁለት ክሮች ድምፅ ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ላይ ሲመቱ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ይሰማል። የዚህ ከፍ ዝቅ ማለት ፍጥነት የሁለቱ ክሮች ድግግሞሽ ልዩነት ነው። ራዳሩም የላከውንና የተቀበለውን ሞገድ ደባልቆ ልዩነቱን ብቻ ይቆጥራል። እያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 45 ኸርትዝ ስለሚያህል፣ 2,700ን ለ45 ማካፈል 60ን ይሰጠናል። 2,700 ኸርትዝ የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ስለሆነ፣ የመኪናውን ፍጥነት ወደ ፉጨት ለውጦ በድምፅ ማጉያ ማሰማት ይቻላል።

ካሜራውን ከፍጥነት መለኪያ ጋር በማጣመር ስሙ የሚነሣው ሞሪስ ጋትሶኒደስ ራሱ ፈጣን አሽከርካሪ መሆኑ ይገርማል። ይህ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. የ1953ቱን የሞንቴ ካርሎ ራሊ ያሸነፈ ተወዳዳሪ ሲሆን፣ መለኪያውን የሠራው በመታጠፊያዎች ላይ የራሱን ፍጥነት ለማሻሻል ነበር። በስሙ የሚጠራው ካሜራ በብሪታንያ ጎዳናዎች በሰፊው ሲተከል፣ የራዳሩን ንባብ የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ማስረጃ ተጨመረለት። ካሜራው በግማሽ ሴኮንድ ልዩነት ሁለት ፎቶግራፎች ያነሣል፤ አስፋልቱ ላይ የተሰመሩት ነጫጭ መስመሮች መኪናው በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ያሳያሉ። 8.3 ሜትር ከተጓዘ ፍጥነቱ 60 ነው። ተከሳሹም ዳኛውም በማስመሪያ ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

ካልኩለስ ምስክር ሲሆን

ካሜራው ያለበትን ስፍራ የሚያውቅ አሽከርካሪ እዚያ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፤ ካለፈ በኋላ እንደ ልማዱ ይከንፋል። ለዚህ ዘዴ መልስ የሰጠው የአማካይ ፍጥነት ቁጥጥር ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በፈጣን መንገዶቿ ላይ በሥራ ያዋለችው ሥርዓት መኪናው በአንድ ካሜራ ሥር ያለፈበትን ሰዓት ይመዘግብና ከኪሎ ሜትሮች በኋላ በሌላ ካሜራ ሥር ሲያልፍ ጊዜውን ያሰላል። 10 ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የተጓዘ መኪና አማካይ ፍጥነቱ 120 ነው።

«በአማካይ እንጂ በየትኛው ቅጽበት እንዳጠፋሁ አላሳያችሁኝም» ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚያውቁት የአማካይ ዋጋ ቴረም ይመልስለታል። አማካይ ፍጥነቱ 133 የሆነ መኪና ቢያንስ በአንድ ቅጽበት ፍጥነቱ ልክ 133 ነበር። የት እንደሆነ ቴረሙ አይነግረንም፤ መሆኑን ግን ያለ ጥርጥር ይነግረናል።

ይህን ሒሳብ ወደ አገራችን እናምጣው። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ከፍተኛው የፍጥነት ወሰን 120 ነው። መኪናው መግቢያ ላይ ይመዘገባል፤ መውጫ ላይ በተጓዘው ርቀት ልክ ይከፍላል። መንገዱን ለስሌት እንዲመቸን 80 ኪሎ ሜትር ብንለው፣ ሕግ አክባሪ አሽከርካሪ ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊጨርሰው አይችልም። በ36 ደቂቃ የጨረሰው በአማካይ 133 ነድቷል ማለት ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ብቻውን ይህን ያህል ይናገራል።

ስሕተትና ፍትሕ

ማንኛውም መለኪያ ስሕተት አለው። ራዳሩ የሚለካው ወደ እርሱ አቅጣጫ ያለውን የፍጥነት ድርሻ ብቻ ነው። ፖሊሱ ከመንገዱ ርቆ መኪናውን በ20 ዲግሪ አግድም ቢያነጣጥርበት፣ የ20 ኮሳይን 0.94 ስለሆነ 60 የሚጓዘው መኪና 56 ሆኖ ይታያል። ይህ ስሕተት ለአሽከርካሪው ያደላል። ነገር ግን ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ሲመጡ የአንዱን ንባብ ለሌላው መስጠት ይቻላል፤ ጊዜውን ጠብቆ ያልተፈተሸ መሣሪያም ሊያሳስት ይችላል። በጀርመን ከተለካው ፍጥነት ላይ ሁልጊዜ የሚቀነስ አለ፤ እስከ 100 ድረስ 3 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ከመቶ 3። 50 በተፈቀደበት ቦታ 54 የተለካ ሰው በ51 ይከሰሳል። የመለኪያውን ጥርጣሬ የሚሸከመው መንግሥት ነው ማለት ነው። ተቀጪው መቀጫውን እንደ ፍርድ እንጂ እንደ ዘረፋ እንዳያየው የሚያደርገው ይህን የመሰለው ጥንቃቄ ነው።

10 ኪሎ ሜትር ምን ታመጣለች?

«50ን በ10 ብናልፈው ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይሰማል። እናስላው። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሴኮንድ ይፈጅበታል፣ ፍሬኑም ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በ7 ሜትር በሴኮንድ ይቀንሳል እንበል። በ50 የሚመጣው መኪና ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። እግረኛው በዚያው ርቀት ላይ ካለ፣ መኪናው እፊቱ ደርሶ ይቆማል። በ60 የሚመጣው መኪና ግን ከ28 ሜትሩ 17ቱን ገና ፍሬን ሳይረግጥ ያልፋቸዋል። በቀሩት 11 ሜትሮች ውስጥ ጉልበቱን ጨርሶ ስለማያጠፋ እግረኛውን የሚገጨው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት አንደኛው ድንጋጤ፣ ሁለተኛው የድንገተኛ ክፍል ሆነ።

ምክንያቱ የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት ስኩዌር ልክ ማደጉ ነው። የአደጋውን ብዛትና ክብደት አንድ ላይ ሲያዩት ጉዳዩ ይብሳል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ዮራን ኒልሰን ያወጣው ቀመር እንደሚያሳየው፣ በአንድ መንገድ ላይ አማካይ ፍጥነት በመቶ 1 ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ በመቶ 4 ያህል ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የስቶክሆልም መግለጫ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ስፍራ ወሰኑ 30 እንዲሆን የጠየቀው ከዚሁ የተነሣ ነው። ከላይ ባለው ስሌት በ30 የሚመጣ መኪና ለመቆም 13 ሜትር ገደማ ብቻ ያስፈልገዋል።

ከበድ ያለ ቅጣት ወይስ የማይቀር ቅጣት?

ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው መጽሐፉ ወንጀልን የሚገታው የቅጣት ጭካኔ ሳይሆን ቅጣቱ የማይቀር መሆኑ ነው ሲል ተከራክሮ ነበር። የፍጥነት ካሜራ ታሪክ ይህን ሐሳብ ያጠናክራል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ አውቶማቲክ ካሜራዎችን መትከል ጀመረች። በ2002 ከ7,000 በላይ የነበረው የመንገድ ላይ ሟቾች ቁጥር በ2006 ከ5,000 በታች ወረደ። በዚያው ወቅት ሌሎች የቁጥጥር እርምጃዎችም ስለ ተጠናከሩ ውጤቱን ሁሉ ለካሜራ መስጠት አይገባም፤ ሆኖም የአሽከርካሪዎች ፍጥነት መቀነሱ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

በእኛ አገር መንገዶች ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። ከፊት ትራፊክ ፖሊስ ያየ አሽከርካሪ ከተቃራኒ አቅጣጫ ለሚመጣው መብራት ብልጭ አድርጎ ያስጠነቅቀዋል። እንደ መልካም ጉርብትና የሚታየው ይህ ምልክት የቅጣቱን አይቀሬነት የሚሸረሽር ነው። የተነገረው ሾፌር ለ500 ሜትር ያህል ጨዋ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ግን ማንም አይለካውም።

ወደ ጳውሎስ ስንመለስ

የዓለም ጤና ድርጅት ለእ.ኤ.አ. 2016 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰዎች 26.7 ያህሉ በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፤ ለአውሮፓ ክልል የተሰጠው ግምት 9.3 ነበር። የእኛ አገር ሰው ያለው መኪና ከአውሮፓውያኑ እጅግ ያነሰ መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ያስደነግጣል። በአዲስ አበባ ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ማለትም መኪና የማይነዱ፣ በፍጥነቱ ያልተጠቀሙ ሰዎች ናቸው።

የጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ አካል የሆነ አንድ የድንገተኛ አደጋ ሆስፒታል «አቤት» ተብሎ ይጠራል። ስሙ አዲስ አበባን፣ ቃጠሎን፣ ድንገተኛ ሕክምናንና የአካል ጉዳትን ከሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተውጣጣ ነው። በአማርኛ ግን «አቤት» የተጠራ ሰው መልስና የተበደለ ሰው ጩኸት ነው። ሐኪሞቹ ለጥሪው መልስ ይሰጣሉ፤ ጩኸቱን ከመነሻው ማስቀረት ግን የመንገዱ ላይ ሥራ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ከገንዘብ መቀጫ ጋር ጥፋትን በነጥብ የመመዝገብ አሠራርን አስገብቷል፤ በእጅ የሚያዝ ራዳርም በከተማችን ጎዳናዎች ላይ ታይቷል። ከአውሮፓ ልምድ የምንረዳው ዋና ነገር መሣሪያው ዘወትር እንዲሠራ፣ በጊዜው እንዲፈተሽና ማስረጃው ለተቀጪው እንዲታይ ማድረግ የመቀጫውን ብር ከማብዛት የሚልቅ መሆኑን ነው።

እስከዚያው ድረስ ተማሪዎች ያለ ራዳር መለካት ይችላሉ። በእግረኛ መንገድ ላይ ሆናችሁ፣ በ50 ሜትር የሚራራቁ ሁለት የመብራት ምሰሶዎችን ወይም ሌሎች ምልክቶችን ምረጡ። መኪናው በመካከላቸው ለማለፍ 6 ሴኮንድ ከፈጀበት ፍጥነቱ 30፣ 3.6 ከፈጀበት 50፣ 3 ከፈጀበት 60 ነው። እጃችሁ በ0.2 ሴኮንድ ቢሳሳት በ60 ላይ የ4 ኪሎ ሜትር ያህል ስሕተት ይመጣል፤ ርቀቱን ወደ 100 ሜትር ብታሳድጉት ስሕተቱ በግማሽ ይቀንሳል። መቶ መኪናዎችን ለክታችሁ ውጤቱን በግራፍ አስቀምጡት። ከዚያም ያን ታማሚ አስታውሱ፦ 7 ሜትር፣ 10 ሴኮንድ። ከለካችኋቸው መኪናዎች ስንቶቹ ሊያቆሙለት ይችሉ እንደ ነበር ግራፉ ይነግራችኋል።