ሲግናል ጀነሬተርና የተሰወሩ ሴቲንጎቹ

የራዲዮ፣ የድምፅ ማጉያም ሆነ የመገናኛ መሣሪያ ጠቢብ፣ በእጁ የገባውን ያልታወቀ ነገር ለመመርመር አስቀድሞ የታወቀ ነገር ያሻዋልና፣ በፈቀደው ድግግሞሽና በፈቀደው ከፍታ የኤሌክትሪክ ሞገድ እያመነጨ የሚያቀርብለት መሣሪያ ሲግናል ጀነሬተር ይባላል። ማጉያው ንጹሕ ሞገድ ገብቶለት የተዛባ ቢያወጣ፣ ነውሩ የማጉያው ነው ብሎ ለመፍረድ የሚቻለው የገባው ሞገድ ንጹሕ መሆኑ የታመነ እንደ ሆነ ብቻ ስለ ሆነ፣ የዚህ መሣሪያ ዐቢይ ምግባሩ ታማኝነት ነው።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ዊልያም ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ቤት ሥራ ሲጀምሩ የመጀመሪያ ምርታቸው ያደረጉት የድምፅ ሞገድ አመንጪ ነበረ። ሂውሌት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያጠናው ዘዴ በረቂቅነቱ ዛሬም ያስደንቃል፤ በሰርኪቱ ውስጥ አንድ ትንሽ የመብራት አምፖል አግብቶበት፣ ሞገዱ ከልኩ ባለፈ ጊዜ የአምፖሉ ክር ይግላል፣ ክሩ ሲግል ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሉ ይጨምራል፣ በዚህም ሞገዱ ወደ ልኩ ይመለሳል። የዋልት ዲዝኒ ድርጅት ፋንታዚያ ለተባለው ፊልም የድምፅ ሥራ ከዚህ ዐይነት መሣሪያ 8 ገዝቷል። በዚያ ዘመን ባለሙያው በእጁ ያዞረው መዘውር በቀጥታ ሞገዱን ይገዛው ነበር።

ዛሬ ግን ያ መሣሪያ በብዙ ስፍራ ወደ ሶፍትዌርነት ተለውጦ፣ አንዳንዱ በኮምፒውተሩ ሳውንድ ካርድ በኩል ሞገዱን ሲያወጣ፣ ሌላው በጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ጀነሬተር በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ ገመድ ትእዛዝ ይልካል። ዋጋው ቀሎ ለተማሪውም ለጠጋኙም መድረሱ በረከት ሆኖ ሳለ፣ በስክሪኑ በሚነበበው ቁጥርና በገመዱ ጫፍ በሚወጣው ሞገድ መካከል ተጠቃሚው የማያያቸው ብዙ አዛዦች ገብተዋል። የተጠቃሚዎች እሮሮ በብዛት የሚመነጨው ከዚሁ ነውና፣ ጥፋቱን በእነርሱ አለማወቅ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ሳውንድ ካርድ ሞገዱን የሚሠራው በሴኮንድ 44,100 ወይም 48,000 ነጥቦችን በመደርደር ስለ ሆነ፣ የዚህን ቁጥር እኩሌታ የሚያልፍ ድግግሞሽ ከቶ ሊያወጣ አይችልም። በ44,100 ላይ ከተሰናዳ ካርድ 30,000 ኸርትዝ የጠየቀ ሰው፣ ሶፍትዌሩ ጥንቁቅ ከሆነ እምቢታን፣ ጥንቁቅ ካልሆነ ግን 14,100 ኸርትዝን ይቀበላል፤ ስክሪኑም 30,000 ማለቱን አይተውም። ሶፍትዌሩ ነጥቦቹን በ44,100 ልክ አሰናድቶ ቢያቀርብ እንኳ፣ ዊንዶውስ ካርዱን በ48,000 አሰናድቶት እንደ ሆነ ተጠቃሚውን ሳያማክር እንደ ገና ያሰላቸዋል፣ ከሌሎች ፕሮግራሞች ድምፅ ጋርም ይቀላቅላቸዋል፤ ዘፈን እንዲያምር የተጨመረው የድምፅ ማሻሻያ ሴቲንግ በርቶ ከቀረም ደካማውን ሞገድ ያጎላል፣ ብርቱውን ይጫናል። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ አንድ ፕሮግራም ካርዱን ለብቻው የሚይዝበት መንገድ ቢከፈትም፣ በዚህ መንገድ የሚሄደው ሶፍትዌር ሁሉም አይደለም።

ካርዱ ለጆሮ የተሠራ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በብዙ ካርዶች መውጫ ላይ ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ የሚያግድ ካፓሲተር ስላለ፣ የ1 ኸርትዝ አራት ማዕዘን ሞገድ ያዘዘ ተማሪ የሞገዱን ቅርጽ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ የሚያየው ጠፍጣፋ አናት ሳይሆን ወደ ዜሮ የሚወርድ ቁልቁለት ነው፤ ሶፍትዌሩን አራግፎ ደግሞ ደጋግሞ ቢጭነው አይታረምለትም፤ ምክንያቱ ከሶፍትዌሩ ውጭ ነውና። ሶፍትዌሩ ካርዱ ስንት ቮልት እንደሚያወጣ በራሱ ስለማያውቅ በቮልት መለኪያ ተለክቶ ሊነገረው ይገባል፤ ይህ ሁሉ ከተደከመበት በኋላ ግን የድምፅ መጠኑ ጥቂት የተነካ እንደ ሆነ ልኩ ሁሉ ይፈርሳል።

እውነተኛውን ጀነሬተር በሶፍትዌር የሚያዝዘውም ከመከራ አያመልጥም። መሣሪያው በውስጡ የ50 ኦም መቋቋም አለው፤ በስክሪኑ የሚጽፈው ቮልትም በተለመደው አሠራር ሌላ 50 ኦም ከመውጫው ጋር እንደ ተያያዘ አስቦ የተሰላ ነው። መቋቋሙ 1 ሜጋ ኦም የሆነ ኦሲሎስኮፕ በተያያዘ ጊዜ 1 ቮልት የታዘዘው 2 ቮልት ይሆናል፤ ይህን የሚያርመው ሴቲንግም በብዙ መሣሪያዎች ከሜኑው በስተ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። አንዱ ሶፍትዌር ቮልቱን ከአናት እስከ ግርጌ ሲለካ ሌላው አርኤምኤስ በሚባለው የአማካይ ስሌት ይለካል፤ በሳይን ሞገድ የሁለቱ ልዩነት 2.83 እጥፍ ያህል ነው። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ጋር ሳይተካከል ሁለቱም ቁና እንደሚባሉ፣ እነዚህም ሁለቱ ቮልት ተብለው ይጻፋሉ።

የአለመጣጣሙ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. አምራቾች ኤስሲፒአይ በሚባል የጋራ የትእዛዝ ልሳን ቢስማሙም፣ እያንዳንዱ የራሱን ትእዛዝ ስለ ጨመረበት ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ዘንድ ስሕተት ተብሎ ይመለሳል። ለ32 ቢት ዊንዶውስ የተጻፈ ድራይቨር በ64 ቢቱ ላይ ስለማይሠራ፣ አንዳች ነውር የሌለበት መሣሪያ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ወይም ለእርሱ ሲባል ብቻ አሮጌ ኮምፒውተር በላቦራቶሪ ይጠበቃል። አምራቹ ድራይቨሩን ማደስ ቢተው እንኳ የትእዛዛቱን መጽሐፍ ለሁሉ ቢገልጥ፣ እንደ ፓይቪዛ ባሉት ነጻ የፓይተን መሣሪያዎች ተጠቃሚው በጥቂት መስመር የራሱን ማዘዣ ጽፎ ጀነሬተሩን ሊያሠራው ይችላል፤ መጽሐፉን የሸሸገው አምራች ግን ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ሰው በገዛ ንብረቱ እንዳይገለገል ከልክሎታል።