ያለ አፈር ሰላጣን ለገበያ ማምረት፤ ሰበካ ጉባኤ ከመወሰኑ በፊት ሊመረምረው የሚገባ

አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በልማት ራሳቸውን እንዲችሉ የሚደረገው ጥረት እየሰፋ ሲሄድ ለሰበካ ጉባኤያት የሚቀርቡት የሥራ አሳቦችም እየበዙ መጥተዋል። ከእነዚህ መካከል በተለይ በከተማ ያሉና ጠባብ ቦታ ያላቸው አጥቢያዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ስለ ሃይድሮፖኒክስ፣ ማለትም ሰላጣና ሌሎች አትክልቶችን ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ በሟሟበት ውኃ ስለማምረት ነው። አሠራሩ በእውነት ይሠራል። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ምእመናን ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ያስገቡት በመሆኑ፣ «ይሠራል» መባሉ ብቻ ለውሳኔ አይበቃም። ስለዚህ አሠራሩን፣ የሚከሽፍባቸውን ምክንያቶችና የሒሳቡን አካሄድ በዚህ ጽሑፍ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አሠራሩና አመጣጡ

ዕፅዋት ለማደግ 17 ንጥረ ነገሮች ያስፈልጓቸዋል። ሦስቱን ከአየርና ከውኃ ያገኛሉ፤ የቀሩትን 14 ግን ሥራቸው ከአፈር ይመጠምጣል። አፈር ለተክሉ ምግብ አቀባይ፣ ውኃ ያዥና ደጋፊ ነው። እነዚህን ሦስት አገልግሎቶች በሌላ መንገድ ማሟላት ከተቻለ ተክሉ ያለ አፈር ይበቅላል፤ የሃይድሮፖኒክስ መሠረቱም ይኸው ነው።

ዕፅዋትን በውኃ ማሳደግ በሳይንቲስቶች የሙከራ ክፍል የቆየ ልማድ ነበር። ለገበያ እንዲውል የሞከሩትና በ1937 እ.ኤ.አ. «ሃይድሮፖኒክስ» የሚለውን ስም ያስተዋወቁት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ጌሪኬ ናቸው። የጌሪኬ ረጃጅም ቲማቲሞች በጋዜጦች ሲወደሱ ብዙ ሰው «አፈር ቀረ» እስከማለት ደረሰ። ሆኖም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዴኒስ ሆግላንድና ዳንኤል አርኖን ጉዳዩን መርምረው በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ብርሃኑና እንክብካቤው እኩል ከሆነ ጥሩ አፈር ከውኃ ያነሰ ምርት እንደማይሰጥ አስረዱ። ይህ ትምህርት ዛሬም አልተለወጠም። በቂና ለም መሬት ያለው የገጠር አጥቢያ ሃይድሮፖኒክስ አያስፈልገውም፤ ጓሮውን በኮምፖስትና በመስኖ ቢያለማ ይሻለዋል። አሠራሩ የሚጠቅመው መሬት ለሌለው፣ አፈሩ ለተበላሸበት ወይም ውኃ ለሚያጥረው ነው።

የውኃው ቁጠባ በእርግጥ ከፍተኛ ነው። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የዩማ አካባቢን መሠረት አድርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንድ ኪሎ ሰላጣ ለማምረት በተለመደው እርሻ 250 ሊትር ገደማ፣ በሃይድሮፖኒክስ ግን 20 ሊትር ገደማ ውኃ እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ከአንድ ካሬ ሜትር በዓመት የሚገኘው ምርትም 11 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በአንጻሩ የሚፈጀው ኃይል 82 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ኃይል አብዛኛው ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ፣ ቀሪው በዋናነት ለመብራት የዋለ ሲሆን የፓምፑ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማና ወይና ደጋ ቦታዎቻችን ሰላጣ ያለ ማሞቂያ፣ ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ሰው ሠራሽ ብርሃን ስለሚበቅል ይህ ትልቅ ወጪ ይቀርልናል። የእኛ ችግር ሌላ ነው፤ እርሱም የመብራት መቆራረጥ ነው።

ሁለቱ መንገዶች

በፎቶግራፍ የምናያቸው ነጫጭ ቧንቧዎች የተደረደሩባቸው እርሻዎች ውኃውን በፓምፕ ያለማቋረጥ ያዘዋውራሉ። ስስ የማዳበሪያ ውኃ በሥሮቹ ሥር እየፈሰሰ ያልፋል። ንጹሕና ለዓይን የሚማርክ አሠራር ነው። ነገር ግን በቧንቧው ውስጥ የሚቀመጥ ውኃ ስለሌለ በፀሐያማ ቀን መብራት ሲጠፋ ሥሮቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይደርቃሉ። የሰባት ሳምንት ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ይህን መንገድ የሚመርጥ አጥቢያ መጠባበቂያ ኃይልና ቀንም ሌሊትም የሚከታተል ሰው ሊኖረው ግድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ የተስፋፋው የረጋ ውኃ አሠራር ነው። ፓምፕ የለውም፤ መብራትም አይፈልግም። በገንዳ በተሞላ የማዳበሪያ ውኃ ላይ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ይከደናል፤ ችግኞቹም በትንንሽ ኩባያዎች ሆነው በቀዳዳዎቹ ይቀመጣሉ። ተክሉ ውኃውን ሲጠጣ ከፍታው ይቀንሳል፤ በሰሌዳውና በውኃው መካከል የአየር ክፍተት ይፈጠራል። የላይኞቹ ሥሮች ከዚያ ክፍተት አየር ይስባሉ፤ የታችኞቹ ውኃና ምግብ ይመጠምጣሉ። ሰላጣው ሲደርስ ውኃውም ሊያልቅ ይቃረባል።

እኛ በመጀመሪያ ሙከራችን የተሳሳትነው በዚሁ ላይ ነበር። ውኃው ዝቅ ማለቱን አይተን ተክሉ የተጠማ መስሎን ገንዳውን እስከ አፉ ሞላነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ጠወለገ። አየር ለመሳብ የተዘጋጁት ሥሮች በውኃ ታፍነው ነበር። ስለዚህ ውኃ መጨመር ካስፈለገ ጥቂት ብቻ ይጨመራል እንጂ ወደ መነሻ ከፍታው ፈጽሞ አይመለስም። ይህን ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን በቅንነት ሊረዳ የሚመጣ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ለጀማሪ አጥቢያ የምንመክረው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። መብራት ሲጠፋ አይጎዳም። በየሰዓቱ የሚነካ ነገርም ስለሌለው ሰንበትንና ታላላቅ በዓላትን ከሚያከብር የአጥቢያ ሕይወት ጋር ይስማማል።

አዘገጃጀቱ

ገንዳው። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ የእንጨት ወይም የብሎኬት ክፈፍ ተሠርቶ በወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ይለበጣል። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ሲሞላ 900 ሊትር ይይዛል። መሬቱ በውኃ ልክ የተስተካከለ ይሁን፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ በሌላው ጫፍ ያሉት ኩባያዎች ውኃ አይነኩም። ብርሃን ወደ ውኃው ከገባ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል፤ ክፍት ቦታ ካለም የወባ ትንኝ ይራባል። ስለዚህ ክዳኑ ሙሉ ይሁን። ዝናብ ማዳበሪያውን እንዳያቀጥነው፣ የክረምት በረዶና የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ቅጠሉን እንዳይመቱት ከላይ የፕላስቲክ ጣሪያ ያስፈልጋል።

ችግኙ። ዘሩ በእርጥብ ስፖንጅ ላይ ይዘራል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ገንዳው ይዛወራል። በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል በካሬ ሜትር 25፣ በአንድ ገንዳ 150 ሰላጣ ይይዛል። በገንዳው ውስጥ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ቆይቶ ይደርሳል።

ማዳበሪያው። ገበሬው የሚያውቃቸው ዩሪያና ኤንፒኤስ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ዩሪያ ለተክሉ የሚመች ምግብ እንዲሆን በአፈር ውስጥ ባሉ ረቂቃን ሕዋሳት መለወጥ አለበት፤ ኤንፒኤስም የሚያስፈልጉትን ንጥረ ነገሮች ሁሉ አልያዘም። የእንስሳት ፍግ ደግሞ በጥሬው በሚበላ አትክልት ውኃ ውስጥ ከቶ አይገባም። የሚያስፈልገው ሙሉ በሙሉ በውኃ የሚሟሟ ማዳበሪያ ሲሆን ይህን ለአበባ እርሻዎች ግብዓት ከሚያቀርቡ ነጋዴዎች ዘንድ መጠየቅ ይቻላል። ካልሲየም ናይትሬት ሳይቀጥን ሰልፌት ወይም ፎስፌት ካለበት ማዳበሪያ ጋር ከተቀላቀለ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ተክሉም አያገኘውም። ስለዚህ ሁለቱ በተለያየ ባልዲ ሟሙተው አንዱ በገንዳው ውኃ ውስጥ በሚገባ ከተቀላቀለ በኋላ ሌላው ይጨመራል።

መለኪያው። ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች የግድ ናቸው። አንዱ የውኃውን ኮምጣጣነት ይለካል፤ ፒኤች የሚባለው ሲሆን ለሰላጣ ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን። ሌላው የማዳበሪያውን ጥንካሬ ይለካል፤ ኢሲ የሚባለው ሲሆን ከ1.2 እስከ 1.8 ባለው መጠን ይጠበቅ። ፒኤቹን ለማውረድ አሲድ ሲያስፈልግ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ጓንትና የዓይን መከላከያም ይደረጋል።

ውኃው ከየት ይምጣ?

በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድና ባይካርቦኔት ይበዛባቸዋል፤ ፒኤቻቸውን ማስተካከልም አድካሚ ነው። እዚያ ያሉ አጥቢያዎች አስቀድመው ውኃቸውን ያስመርምሩ። የዝናብ ውኃ ግን ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው። አብያተ ክርስቲያናትም ሰፋፊ የቆርቆሮ ጣሪያ አላቸው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከሚባክነው ተርፎ 160,000 ሊትር ያህል ይሰጣል።

በየሳምንቱ 150 ሰላጣ ለማድረስ ለአንዱ አምስት ሊትር ቢታሰብ የሚፈለገው 750 ሊትር ነው፤ በዓመት 39,000 ሊትር መሆኑ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ አብዛኛው በክረምት ወራት መውረዱ ነው። አንድ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ የሚበቃው ለስድስት ሳምንት ተኩል ያህል ብቻ በመሆኑ ለቀሪው የበጋ ወቅት ሌላ የውኃ ምንጭ ሊታሰብ ይገባል።

ገበያውና ሒሳቡ

ሰላጣ ከተቆረጠ በኋላ አይጠብቅም። ገዢም በአንድ ቀን 750 ከመቀበል ይልቅ በየሳምንቱ የተወሰነ ቁጥር እንዲመጣለት ይፈልጋል። ስለዚህ አምስት ገንዳ አዘጋጅቶ በየሳምንቱ አንዱን መትከል፣ አንዱን ማንሣት ይገባል።

የሚከተለው ስሌት መንገዱን ለማሳየት ያህል የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አምስቱ ገንዳዎች ከነጣሪያቸው 60,000 ብር ፈጅተው ሦስት ዓመት ቢያገለግሉ የሳምንት ድርሻቸው 385 ብር ይሆናል። የሠራተኛው ደመወዝ በወር 6,000 ብር ቢሆን በሳምንት 1,385 ብር ነው። ድምሩ 1,770 ብር ይደርሳል። ከ150ው 120 ቢሸጥ በአንዱ ሰላጣ ላይ የሚያርፈው ወጪ 14 ብር ከ75 ሣንቲም ነው። 60 ብቻ ቢሸጥ ግን 29 ብር ከ50 ሣንቲም ይሆናል። ይህም ዘር፣ ማዳበሪያና መጓጓዣ ሳይጨመር ነው። እንግዲህ ኪሣራ የሚመጣው በአብዛኛው ገንዳው ውድ ስለሆነ ሳይሆን ለተመረተው ገዢ ሳይዘጋጅ በመቅረቱ ነው። ሰበካ ጉባኤው የራሱን አካባቢ ዋጋ እያስገባ ይህንኑ ስሌት ይሥራ።

የጾም ወራት ለአትክልት ጥሩ ገበያ ናቸው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሲሆን ሰላጣ ከዘር እስከ ምርት ሰባት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ጾሙ ሲገባ የተዘራ ዘር የሚደርሰው ጾሙ ሊፈታ ሲል ነው። ዘሩ ከጾሙ ሰባት ሳምንት ቀድሞ መዘራት አለበት።

በአዲስ አበባ ሌላም ምክንያት አለ። ከከተማው አትክልት ከፊሉ በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውኃ ይለማል። በጥሬው የሚበላን ሰላጣ በንጹሕ ውኃ ማቅረብ ከገቢ ማግኛነቱ ባሻገር ለሕዝብ ጤና የሚደረግ አገልግሎት ነው። ይህን ግን መናገር የሚቻለው ውኃው በእርግጥ ንጹሕ ሲሆን፣ የሠራተኛው እጅና የመቁረጫው ቢላዋም ሲታጠቡ ነው።

ከሰላጣ በኋላ ቆስጣ፣ ናና፣ በሶብላና ሴለሪ በተመሳሳይ መንገድ ሊሞከሩ ይችላሉ። ቲማቲም ጠንከር ያለ ማዳበሪያ፣ ድጋፍና ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ ልምድ ከተገኘ በኋላ ይምጣ። ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት ለአፈር ይተዉ። የአበሻ ጎመንም በየጓሮው ስለሚበቅልና ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ ይህን ወጪ አይሸከምም።

ከውሳኔ በፊት

ሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይመልስ።

1. በየሳምንቱ ስንት ሰላጣ እንደሚወስዱ በጽሑፍ ያረጋገጡ ቢያንስ ሁለት ገዢዎች አሉን?
2. ውኃችን ተመርምሯል? ለበጋው ወራትስ ይበቃል?
3. ማዳበሪያው በአካባቢያችን ያለ መቋረጥ ይገኛል?
4. ኃላፊው ማን ነው? እርሱ ቢታመም ወይም ቢሄድ የሚተካውስ ሠልጥኗል?
5. ገቢና ወጪው ከአጥቢያው መደበኛ ሒሳብ ተለይቶ ይመዘገባል? በየሩብ ዓመቱስ ለምእመናን ይነገራል?

ለአምስቱም መልስ ካለ በአምስት ገንዳ ሳይሆን በአንድ ገንዳ ይጀመር። ሁለት ዙር፣ ማለትም ከሦስት እስከ አራት ወር ያህል፣ ተሠርቶ የተመረተው፣ የተሸጠውና የተበላሸው በመዝገብ ይያዝ። በአንድ ገንዳ የደረሰ ስሕተት ትምህርት ሆኖ ያልፋል፤ በአምስት ገንዳ የደረሰ ግን የምእመናንን አመኔታ ይዞ ይሄዳል። መዝገቡ ትርፍ ካሳየ ሁለተኛው ገንዳ ከመጀመሪያው ገቢ ይሠራ። ካላሳየም ገንዳው የአብነት ተማሪዎችን ማዕድ የሚያጠግብ ጓሮ ሆኖ ይቆይ፤ የሰበካው ገንዘብም ለሚሻል ሥራ ይጠበቅ።