ሕጉን ከወሬው እንለይ

«አውሮፓ ቻትጂፒቲን በሕግ ከልክላለች» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሌላው ደግሞ «ኧረ ምንም ሕግ የለም!» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እኛም ነገ ክፍል ገብተን የሰማነውን ብንደግም፣ ተማሪው «መምህሬ ነግሮኛል» ብሎ ቤቱ ይዞት ይገባል። ስለዚህ ጽሑፍና ሥዕል ስለሚያመነጨው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የወጣ ሕግ እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ ለመምህር የሙያ ግዴታ ነው። ስንመረምር አራት ነገሮችን እንያዝ።

1ኛ፦ ማን አወጣው? እ.ኤ.አ. በማርች 2023 መጨረሻ ቻትጂፒቲን ያገደው የኢጣሊያ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እንጂ አውሮፓ በሙሉ አልነበረም። እገዳውም በኤፕሪል መጨረሻ ተነሥቷል።

2ኛ፦ ዛሬም ይሠራል ወይ? የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባይደን በኦክቶበር 30 ቀን 2023 ስለዚሁ ጉዳይ ትእዛዝ አወጡ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሻሩት። የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ ያነበበ ሰው የሞተውን ሕግ እንዳለ አድርጎ ያስተምራል ማለት ነው።

3ኛ፦ ቃሉ በትክክል ምን ይላል? የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 2024/1689 በኦገስት 1 ቀን 2024 ጸና። ታዲያ ሁሉም አንቀጽ በዚያው ቀን ሥራ አልጀመረም፤ ክልከላዎቹ ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025፣ የአመንጪ ሞዴል ሠሪዎች ግዴታ ደግሞ ከኦገስት 2 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። በትምህርት ቤት የተማሪን ስሜት ከፊቱ የሚያነብ መሣሪያ፣ ለሕክምና ወይም ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፣ ተከልክሏል። የተማሪን ውጤት የሚመዝን መሣሪያ ግን አልተከለከለም፤ ጥብቅ ግዴታ ከሚጣልበት «ከፍተኛ ስጋት» ካለበት መደብ ገብቷል። «ተከለከለ» እና «ቁጥጥር ይደረግበታል» አንድ አይደሉም።

4ኛ፦ ማሽኑን ራሱን ምስክር አናድርገው። በ2023 በኒውዮርክ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን፣ በየትኛውም ፍርድ ቤት ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው አቀረቡ፤ 5,000 ዶላርም ተቀጡ። ጥፋታቸው ዋናውን መዝገብ አለማየታቸው ነው።

እንግዲህ ሥራውን ከቤታችን እንጀምር። በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከነጋሪት ጋዜጣ አውጥታችሁ አንብቡ። ከዚያም ይህን ተወያዩበት፦ አንድ መምህር የተማሪዎቹን ስምና ማርክ ለማሽን ቢሰጥ፣ አዋጁ ምን ይለዋል? መልሱን «ይመስለኛል» ብላችሁ ሳይሆን አንቀጹን ጠቅሳችሁ አምጡት።